የግራው ታንከር

ካንዴላ አንድ ታክሲ ሥር ተንጋላ ዘይት ስታወርድ ነው አባቷ ከላይ ሆኖ የተናገረው።

«የእትዬ ቀይ መኪና ነዳጁ ይውጣልን ብለዋል። ቱቦዋ በስብሶ እንዳያንጠባጥብ ስለሚያሰጋ መጎተት አይቻልም፤ እቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚሠራ ይፈልጋሉ። ለሰርግ ነው አሉ።»

መፍቻው ከእጇ አምልጦ ደረቷ ላይ ወደቀ። አላመማትም። በጀርባዋ እየተንፏቀቀች ወጣችና ፊቷን በክንዷ ጠረገች፤ ዘይቱን ይባስ ብላ አዳረሰችው።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የእትዬ ስም ሲነሳ ወሬ የሚያስቀይረው አባቷ፣ ያን ቀን ንጹሑን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ በሩ ዞረ። «አዎ፤ አንቺው ብትሄጂ ሳይሻል አይቀርም» አለ። ካንዴላ ይህን ልብ አላለችም። ልቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ስሟ ካንዴላ አይደለም። የጋራዡ ሠራተኞች ናቸው ያወጡላት፤ እንደ ሞተር ማቀጣጠያው ካንዴላ ገና ነካ ሲያደርጓት ብልጭ ስለምትል። የማን ሰርግ እንደሆነም አልጠየቀችም። ምኑ ይጠየቃል? እዚያ ቤት ያለው ወንድ አንድ ነው፤ ጋራዡ በሙሉ «ቀስታ» ይለዋል፣ ሲነዳ እግረኛ እየቀደመው ስለሚያልፍ። ይኸው በመጨረሻ ሊያገባ ነው። ያገባ! ግን መጀመሪያ ብድሯን ትመልሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የእትዬ ልጅና የጋራዡ ልጅ ተዋደዱ። መልእክታቸውን ያኔ የተማሪ ዩኒፎርም የምትለብሰው ታናሽ እህቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቃሏ ታመላልስላቸው ነበር። እትዬ ሲደርሱበት «ጥፍሯ ሥር ግራሶ ያለባት እቤቴ አትገባም» አሉ፤ አሉና ጨረሱ። እትዬ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የመናገር ልማድ የላቸውም።

ቀይዋ መኪና የሟቹ ባላቸው ናት፤ ባለ ሁለት ወንበር፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ የድሮ የስፖርት መኪና። ሁለት የነዳጅ ታንከር አላት፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ሞተሩ ታዲያ በአንድ ጊዜ የሚጠጣው ከአንዱ ብቻ ነው። ከየትኛው እንደሚጠጣ የምትወስነው ከመሪው አጠገብ ያለች፣ አውራ ጣት የማታህል መቀየሪያ ናት። የነዳጁን መጠን የሚያሳየው ጌጅም የሚናገረው ስለተመረጠው ታንከር ነው፤ ስለሌላው አይተነፍስም። እትዬ የቀኙን ክዳን ቆልፈው ቁልፉን ከጓዳ ቁልፎቻቸው ጋር ወገባቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ልጃቸው የት ደርሶ እንደመጣ በነዳጁ ይለኩታል። የግራው ታንከር ደግሞ ተበላሽቷል ተብሎ ከተተወ ቆይቷል።

ካንዴላ የጠገነችው ያንን ነው፤ በድብቅ።

ቀስታ ራቅ ያለ ከተማ የመምህርነት ሥራ አገኘ። ሊጠፉ ተማከሩ። ቀጠሮው በጠዋት፣ መናኸሪያው በር ላይ ሆነ። በዋዜማው መኪናዋ ለሰርቪስ ጋራዥ ስትገባ ካንዴላ የግራውን ታንከር እስከ አንገቱ ሞላችው። ያረጀውን የክዳኑን ማሸጊያ አውጥታ ጣለችና ከአሮጌ ጎማ ቀለበት ቆርጣ ገጠመችለት። ሞተሩን አስነስታ ሞከረችው፤ እንደ ሰዓት ሠራ። ቀስታ ሊረከባት ሲመጣ አባቷ አጠገባቸው ስለነበር በጆሮው «ሙሉ ናት» ከማለት በቀር ምንም አላለችውም።

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያው በር ላይ ቆመች። ፀሐይዋ አናቷ ላይ እስክትወጣ ቆመች። የአውቶቡስ ረዳቶቹ መጀመሪያ «የት ነሽ?» አሏት፤ ቆይተው «እህት፣ ትሄጃለሽ ወይስ እኛን ልታዪ ነው የመጣሽው?» እያሉ ይስቁባት ጀመር። ቀስታ አልመጣም። የመጣው በበነጋው ነው፣ ወደ ጋራዡ፣ ዓይኑ ቀልቶ።

«ነዳጅ አለቀብኝ» አላት።

በገዛ እጇ እስከ አንገቱ የሞላችው! ክዶኛል ብትል ክህደቱን ትችለው ይሆናል። ውሸቱን ግን እንዴት ትቻለው? ትንሽ እንኳን አልተጨነቀበትም። ዘይት የነከረ ጨርቅ ፊቱ ላይ ወርውራ «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላየው» አለችው። እሱም ቃሏን አከበረና ጠፋ። መጥፋቱን ደግሞ ጥፋተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጋ ያዘችበት።

አሁን ፓምፗንና የብረት ጀሪካኖቿን ጭነት መኪናው ላይ ስትጭን የምታደርገው ነገር በጭንቅላቷ አልቆ ነበር። በታንከሩ ውስጥ ነዳጁ ላይ የምትንሳፈፍ ኳስ አለች፤ ጌጁ የሚያነበው የኳሷን ክንድ ነው። ክንዷን ትንሽ ጠምዘዝ፤ ጌጁ «ሙሉ» ብሎ ይገተራል። ታንከሩ ውስጥ ግን አንድ ጀበና የማይሞላ ነዳጅ። ቀስታ በሙሽራ ልብሱ፣ ሙሽሪትን አጠገቡ አስቀምጦ፣ አጃቢ ጥሩምባውን እያንጫረረበት መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ያኔ ወርዶ «ነዳጅ አለቀብኝ» ይበል። አንድ ቀን እንኳን እውነቱን ይናገር።

እያፏጨች ጫነች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ደስታው ምላሷ ላይ ለምን እንደመረራት ግን አልገባትም።

*

እትዬ በረንዳው ላይ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል፤ ቀጭን ሲጋራ በጣቶቻቸው መሀል፣ የቁልፍ ዘለላው ወገባቸው ላይ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። አገጫቸው ግን ያው ነው፤ ከፍ ብሎ የሚያይ አገጭ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አባትሽ ሌላ ሠራተኛ አጣ?»

«ነዳጅ ነው። ተራ ሰው አይነካውም።» ካንዴላ የእሳት ማጥፊያውን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። «አሁን ሲጋራዎትን ያጥፉልኝ። የጓዳው ምድጃም ይጥፋ። ስልክ የያዘ ሰው ወደዚህ እንዳይመጣ።»

«በገዛ ቤቴ?»

«በገዛ ቤትዎ።»

እትዬ ሲጋራውን መተርኮሻው ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ጫን አድርገው አጠፉት። ካንዴላ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ገና ምን አይታ!

ቀስታ ከቤት ሲወጣ ሳታየው ሰማችው፤ አረማመዱ አልተለወጠም። መነጽር አድርጓል። ጉንጩ ጎደል ብሏል። እጁን ሊዘረጋላት አሰበና የሥራ ጓንቷን አይቶ መለሰው።

«ደህና ነሽ?»

«መሪውን ያዝና ማርሹን ነጻ አድርገው። ከመጋዘኑ እናወጣታለን።»

«ከባድ ናት፤ ብቻሽን ከኋላ ትችያለሽ?»

«ብቻዬን መቻል ለምጃለሁ።»

እሱ ጎንበስ ብሎ መሪውን ያዘ። እሷ ከኋላ ገፋች። ጎማዎቹ ተንፍሰው ስለነበር መኪናዋ ሳትወድ በግድ ነው የተንቀሳቀሰችው፤ እያቃሰተች ወደ ብርሃኑ ወጣች። ቀይነቷ አቧራ ለብሷል። በጎን መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ እሱ አልሰበረም፣ እሷም አልሰበረችም። በዓይኑ ውስጥ የፈለገችውን ሐፍረት አላገኘችም። እንዲያውም የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር። ምን ይጠብቃል? ዓይኑን ላፈር! ብላ ፊቷን አዞረች፤ ልቧ ግን እንደ ቀዝቃዛ ሞተር እየተንገጫገጨባት ነበር።

*

ሥራዋን ጀመረች። ቂም ቂም ነው፤ ቤንዚን ግን የማንንም ቂም አያውቅም። ትነቱ ወደ ሰማይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ በበር ሥር ይሾልካል፣ እሳት ያለበት ድረስ ሄዶ እሳቱን ይዞ ይመለሳል። መኪናዋን ከመጋዘኑ አውጥታ ነፋስ የሚያገኘው ሣር ላይ ያቆመቻት ለዚህ ነው። ባትሪው ከወጣ ቆይቷል፤ ቢሆንም ራሷ ጎንበስ ብላ አየች። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ከመኪናዋ ብረት ጋር በሽቦ አገናኘችው፤ ነዳጅ ሲወርድ ብልጭታ የሚፈጥርበት እንዳያገኝ። መብራት የለም፤ የቀን ብርሃን ይበቃል። ከዚያ እጇን ዘርግታ «ቁልፍ» አለች።

እትዬ የቀኙን ክዳን ቁልፍ ከዘለላው ፈትተው በልጃቸው በኩል ላኩላት።

የቀኙን ከፍታ የኳሷን ክንድ ከነመክደኛው አወጣች፤ የፓምፑን ቱቦ እስከ ታች ሰደደች። ሳበች። አየር። እንደገና ሳበች። አየር ብቻ። ታንከሩ ደርቋል፤ የዝገት ሽታ እንጂ ጠብታ የለውም።

«ጨርሶታል» አለች ለራሷ። ከዚያ በኋላ ስንቷን ይዞ ሲዞርበት ጨርሶታል ማለት ነው። ደሟ ፈላ። የኳሷን ክንድ በሁለት ጣቷ ይዛ ጠምዘዝ አደረገቻትና መልሳ ገጠመቻት። ጥርሷን ነክሳ ነው የከደነችው። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይበልጥ እንደሚያሰጋ ታውቃለች፤ ሆዱ ውስጥ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው። ስድስት ዓመት ሙሉ እሷም እንዲሁ ነበረች።

ወደ ግራው ዞረች።

ክዳኑ አልከፈት አላት። ብትለው ብትለው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጨርቅ ጠምጥማ በሁለት እጇ ስትይዘው ጠረቅ ብሎ ለቀቀ። ከክዳኑ ሥር አንድ ጥቁር ነገር ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ተላቀቀና እጇ ላይ ቀረ። ቀለበት ነው፤ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ፣ በአንድ በኩል ትንሽ የተንጋደደ፣ መቀሷ ስላመለጣት።

የእሷ ቀለበት።

ወደ ውስጥ አየች። ነዳጁ ከአንገቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

ቱቦውን ሰደደችና ሳበች። እንደ ጠቆረ ሻይ የመሰለ፣ የአሮጌ ቀለም ሽታ ያለው ቤንዚን ወደ ጀሪካኑ ወረደ። አንዱ ሞላ። ሁለተኛውን አስጠጋች። ይህም ሞላ። እጇ ይስባል፤ እሷ ግን እዚያ አልነበረችም። ይህን ክዳን ከእሷ በኋላ የነካው ሰው የለም። ከዚህ ታንከር አንዲት ጠብታ አልተጠጣም።

ፓምፑን አቆመች። ዞራ በሹፌሩ በኩል ገባችና ከመሪው አጠገብ ያለችውን መቀየሪያ አየች።

ቀኝ።

ክው ብላ ቀረች። ቀስታ ያን ጠዋት በቀኙ ነው የወጣው። እናቱ ጠብ አድርገው በለኩት ነዳጅ። ተንቀሳቀሰ፣ መጣ፣ ወደ እሷ መጣ፤ አለቀበት። እግሩ ሥር እስከ አንገቱ የሞላ ታንከር ይዞ አለቀበት።

ውሸቱን አይደለም።

ጨርቁ ፊቱ ላይ ሲያርፍ የጨፈነው ዓይኑ አሁን ነው የታያት። ያኔ አይታው ነበር፤ ግን አላየችውም። እና ማነው? መኪናዋን በግራው አስነስታ ሞክራታለች፤ ማነው ወደ ቀኝ የመለሳት? ይህን ታንከር የሚያውቅ፣ ይህን ልጅ በነዳጅ አስሮ የሚያኖር ማን አለ?

ቀና ስትል እትዬ የበረንዳውን ደረጃ እየወረዱ ነው። አዲስ ሲጋራ በከንፈራቸው፣ ላይተር በእጃቸው፤ ሳያስቡት፣ ልማድ ሆኖባቸው። ክፍቱ ታንከር እዚህ፣ ጀሪካኖቹ እዚህ፣ ነፋሱ ወደ እሳቸው። አውራ ጣታቸው ላይተሩ ላይ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፤ ካንዴላ ዝም አለች። አንድ ትንፋሽ ያህል። አፏ ሊከፈት ይችላል፣ አልከፈተችውም። አንድ ትንፋሽ ብቻ፤ ግን ዝም ብላ አየቻቸው።

«እትዬ! እዚያው ይቁሙ!»

ጩኸቱ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ከወጣ በኋላ ነው። ቀስታ ከኋላቸው ዘሎ ላይተሩን ከእጃቸው ቀማ። አሮጊቷ ባሉበት ደርቀው ቆሙ። ካንዴላ የመኪናዋን በር ያዘች፤ ከእሳቱ ይልቅ ያቺ አንድ ትንፋሽ ነበረች ያስፈራቻት።

*

ክዳኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነችና ወደ እሳቸው ሄደች።

«እርስዎ ነዎት» አለች። «መቀየሪያዋን ወደ ቀኝ ያዞሩት እርስዎ ነዎት! እኔ በግራ አስነስቼ ሞክሬያታለሁ። ሙሉ ነበር። ይኸው አሁንም ሙሉ ነው! ልጅዎን መንገድ ላይ አስቀርተው እኔን ስድስት ዓመት በቂም አቃጠሉኝ!»

እትዬ ሲጋራውን ከከንፈራቸው አወጡና በመዳፋቸው ውስጥ ጨመቁት። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተነሳም።

«ያን ዕለት መኪናዋ ከጋራዥ መጥታ እዚህ ቆመች። በሯ ተቆለፈ፤ ቁልፏ እሱ ኪስ ውስጥ አደረ። እኔ አጠገቧ አልደረስኩም። እንግዲህ ከእሱ በፊት እዚያ ወንበር ላይ መጨረሻ የተቀመጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ግን እኔ...»

ዞራ የሹፌሩን ወንበር አየችው።

የአባቷ ጋራዥ አንድ ሕግ አለው። ልጅ ሆና መፍቻ ከመያዟ በፊት የያዘችው ሕግ። የሰው መኪና ስትሠሪ ወንበሩን፣ መስታወቱን፣ ሬዲዮውን፣ የነካሽውን ሁሉ ስትጨርሺ እንዳገኘሽው ትመልሻለሽ። ባለቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ እጁ የለመደውን ያግኝ። ይህን እጇ ያለ እሷ ይሠራዋል፤ ስትተኛ ጫማ እንደማውለቅ። ያን ዕለት በግራ አስነሳች፣ ሞከረች፣ ረካች፣ ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ፣ መስታወቱን ወደ ላይ፣ መቀየሪያዋን...

ወደ ቀኝ። እንዳገኘቻት።

እጇን አየች። ከዚያ በላይ ለማየት አቅም አልነበራትም።

«እኔ ነኝ» አለች፤ ማንም እንዲሰማ ብላ አልነበረም።

የመለሱላት እትዬ ናቸው፣ ደረጃው ላይ ዝግ ብለው እየተቀመጡ።

«የኔ ጥፋት ሌላ ነው» አሉ። «ያን ጠዋት መኪና ቆሞበታል ብለው ጠሩኝ፤ ሄድኩ። ድልድዩ አጠገብ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ምን እንደሚያይ ሳያውቅ ያያል። ከግራው በኩል ትኩስ ቤንዚን ይሸታል። ያቺን መኪና ከአባቱ ጋር ስነዳ እናንተ አልተወለዳችሁም፤ ገብቶኛል። ጣቴን አንስቼ መቀየሪያዋን ገፋ ማድረግ ነበር። ለማን ሊደርስ እንደሚቸኩል ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።» ልጃቸውን አላዩትም። «አላነሳሁም። አስጎትቼ አመጣሁት።»

ካንዴላ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ስድብ ሁሉ አፏ ድረስ መጣ። ሽንጧን ገትራ ልትወርድባቸው የምትችልበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነበር። ግን ቅድም ዝም ያለችባትን አንድ ትንፋሽ አስታወሰች። ጣትን አለማንሳት ምን እንደሆነ አሁን ከማንም መማር አያስፈልጋትም። ስድቡን ዋጠችው፤ ሲወርድ አቃጠላት።

ወደ ቀስታ ዞረች። «አንተ አውቀህ ነው የጠራኸኝ?»

«ሰሞኑን መኪናዋን ሊያይ የመጣ ባለሙያ የግራውን ቆርቆር አድርጎ ሙሉ ነው አለኝ። የግራው መሠራቱን አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።» መነጽሩን አወለቀ። «አባትሽ ዘንድ ሄጄ ለመንኩት። አንቺ ራስሽ እንድትመጪ፣ በገዛ እጅሽ እንድታወጪው። ሲወጣ ፊትሽን ማየት ፈልጌ ነበር።»

«ልትበቀለኝ።»

«አዎ። ልበቀልሽ።»

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እና? ደስ አለህ?»

ቀስታ መልስ ለመስጠት አልቸኮለም፤ መቼ ቸኩሎ ያውቃል። መኪናዋን፣ ጀሪካኖቹን፣ ሣሩ ላይ የወደቀውን የጎማ ቀለበት አየ።

«ያን ጠዋት ሳስነሳት ጌጁ ሊያልቅ ነው ይል ነበር» አለ። «በዓይኔ አየሁት። መርፌው ታች ተኝቷል። አንቺ ግን ሙሉ ናት ብለሽኛል። ስለዚህ የተበላሸው ጌጁ ነው ብዬ ነዳሁ።» ወደ እሷ ዞረ። «ከጌጁ አንቺን አመንኩ። አንቺ ከኔ ማንን አመንሽ?»

ስድስት ዓመት እሱን ልትጠይቀው የጓጓችው ጥያቄ ነበር፤ እሷ ላይ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

*

ክፍት ታንከር ግን እንባ አይጠብቅም። ጓንቷን መልሳ አደረገችና የቀረውን አወጣች፤ ጀሪካን ሞልታ ትከድናለች፣ ከቤቱ አርቃ ጥላ ሥር ትደረድራለች። ቀስታ ሳትጠይቀው ባዶዎቹን ያቀብላት ጀመር። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትንጠፈጠፍ ወደ ቀኙ ታንከር ተመለሰች፣ የጠመዘዘቻትን ክንድ አወጣች፣ በጣቶቿ ማቃናት ያዘች።

«እሷ ምን ሆና ነው?» አለ።

ትዋሽ ይሆን? ለውሸት የሚሆን ጉልበት አልቀራትም። «እኔ ነኝ ያጣመምኳት። ባዶ ሆኖ ሙሉ እንዲልህ። በሰርግህ ቀን ከነሙሽራህ መሀል መንገድ ላይ እንድትቀር።»

«በሰርጌ?»

«ለሰርግ ነው ተብሏል እኮ!»

ቀስታ አፉን ከፍቶ ቀረ። «የእህቴ ሰርግ ነው።»

«የቷ እህትህ?»

«ስንት እህት አለችኝ? ያቺው ናት፤ መልእክታችንን የምታመላልሰው። በአባቷ መኪና መሄድ እፈልጋለሁ ብላ ነው ይኸ ሁሉ።»

ያቺ ዩኒፎርም ለባሿ ልጅ! ካንዴላ አፏን በእጇ ያዘች፤ ጓንቱ ቤንዚን መሆኑን ረስታ። ያቺን ልጅ ነው በሙሽራ ልብሷ አስፋልት ላይ ልታስቀምጣት የነበረው። ቀስታ ደግሞ ይባስ ብሎ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ትከሻው እስኪነቃነቅ።

«ዛሬም ሳትጠይቂ!» አለ። «ዛሬም ሳትጠይቂ ፈረድሽ!»

«ምን ያስቅሃል? ዝም በል!» አለች፤ ተናዳ፣ በእውነት ተናዳ፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዝ ብሏት ነበር።

የኳሷን ክንድ አቃንታ ገጠመች። ሁለቱንም ክዳን ዘጋች። የቀኙን ቁልፍ ወስዳ እትዬ አጠገብ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። እትዬ አዩት፤ አላነሱትም።

የቀረው የመጨረሻው ሥራ ነው። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እጇ የለመደውን አደረገ፤ መስታወቱን ወደ ቦታው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ። መቀየሪያዋ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ። ቀኝ ናት። እንዳገኘቻት።

በአውራ ጣቷ ወደ ግራ ገፋቻት።

«ነገ አዲስ ቱቦና ነዳጅ ይዤ እመጣለሁ» አለች፤ እሱን ሳይሆን ከፊቷ ያለውን መስታወት እያየች። «ለእህትህ የምሞላው የግራውን ነው። ይህችን መቀየሪያ ማንም እንዳይነካት። አንተም፣ እትዬም።» እጇን አነሳችና ጨመረች፤ «እኔም።»

ቀስታ በሩን ይዞ ቆሟል። «ገና አልበረደልኝም» አላት።

«እኔም አልበረደልኝም።»

«አንቺ በማን ላይ?»

መልሱ እሷው ራሷ ነበረች። ከመኪናዋ ስትወርድ እግሯ ሸርተት አደረጋትና እሱ እጇን ያዘ።

«ልቀቀኝ፤ ቤንዚን ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ቀስታ። አልለቀቃትም። ያ ሁሉ ቂም መሄጃ አጥቶ በዓይኗ ወረደ።